የጭንቅ ቀን ቃላት

በእኛ የወጣትነት ዘመን በትምህርት ቤት የተማርነው እንግሊዝኛ የሰላም ቀን እንግሊዝኛ ነበር። መጽሐፉ በጠረጴዛው ላይ መሆኑን፣ አባት ወደ ገበያ መሄዱን፣ እናት ወጥ ቤት መሆኗን፣ የለንደን ከተማ በቴምስ ወንዝ ዳር መቈርቈሯን በዚያ ቋንቋ አጣርተን መናገር እንችል ነበር፤ ከፍ ካለውም ክፍል ስንደርስ የሼክስፒርን ተውኔት በቃላችን እስከ መያዝ ደርሰን፣ ፈተናውን አልፈን፣ የምስክር ወረቀታችንን ተቀብለን፣ በወላጆቻችንና በጎረቤቶቻችን ፊት እንደ ሊቅ ተቈጥረን ወጣን። ነገር ግን ቤት ሲቃጠል፣ ሰው በኤሌክትሪክ ሲያዝ፣ የአውሮፕላን ሞተር በአየር ላይ ሲጠፋ፣ ሰው ለሰው ምን ብሎ እንደሚጮኽ፣ የሰማውስ ምን ብሎ እንደሚመልስ የነገረን አልነበረም። ይህን ሁለተኛውን እንግሊዝኛ፣ ማለት የአደጋውን፣ የጉዳቱን፣ የጭንቁንና ከጭንቅ የመውጫውን እንግሊዝኛ የተማርሁት ትምህርት ቤትን ከተሰናበትሁ በኋላ፣ በአየር መገናኛ ሬዲዮ ሥራ ተቀጥሬ፣ ጆሮዬን በማዳመጫ ሸፍኜ መዋልና ማደር በጀመርሁበት ጊዜ ነው። ከጡረታ ወዲህ ያ ዘመን ከሌላው ሁሉ አብልጦ ይታወሰኛልና፣ ስለ እነዚያ ቃላት ያየሁትንና የሰማሁትን በጽሕፈት ላኖረው ወደድሁ።

የሰማዩ ሥራ ቋንቋ እንግሊዝኛ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቲ.ደብሊው.ኤ. ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጋር በተደረገ ውል በ1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያ መንገደኞቹን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ባበረረ ጊዜ፣ አብራሪዎቹም ዋና ዋናዎቹ መካኒኮችም አሜሪካውያን፣ የጥገናው መጻሕፍትም በእንግሊዝኛ የተጻፉ ነበሩ፤ ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ በ1957 እ.ኤ.አ. ከኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው ሆነው የአውሮፕላን አዛዥነትን እስኪረከቡ ድረስም ከዐሥር ዓመት በላይ አልፏል። እኔ ወደዚያ ሥራ የገባሁት ከዚያ ጥቂት ዘግይቶ፣ ለጀት አውሮፕላን የማይበቃው የልደታ ሜዳ ሥራውን ለቦሌ ለማስረከብ በሚሰናዳበት ዘመን ነው።

የተወለድሁት በጎጃም ገጠር፣ ከቅኔ መምህር ቤት ነው። በዚያ አገር ለጭንቅ ቀን የተለዩ፣ ከአባት ለልጅ ሲተላለፉ የኖሩ ቃላት ነበሩ። ሌሊት ጅብ በረት ሲሰብር ወይም ቤት በእሳት ሲያያዝ ሴቲቱ እሪ ትላለች፤ እሪታውን የሰማ ጎረቤት ሁሉ፣ ከዚያ ቤት ጋር የቆየ ጠብ ያለበት እንኳ ቢሆን፣ ዱላውን ወይም ጦሩን ይዞ ይወጣል እንጂ በደጁ ቆሞ «ምን ሆናችሁ?» ብሎ አይጠይቅም፤ እሪታ ሰምቶ የተኛ ሰው በማግሥቱ በማኅበር መካከል ቀና ብሎ መቀመጥ አይችልም ነበር። ሁለት ሰዎች በወሰን ተጣልተው ዱላ ሲማዘዙ ደግሞ መንገደኛው «በሕግ አምላክ!» ይላል፤ የተነሣው እጅ በተነሣበት ይቀራል፤ ይህን ቃል ሰምቶ እጁን የሰነዘረ ሰው ከባላጋራው ጋር ብቻ ሳይሆን ከሕጉም ጋር ተጣልቷልና። ድርቅ፣ አንበጣ ወይም ተስቦ በመጣ ጊዜ ካህናቱ ምሕላ ይይዛሉ፤ ሕዝቡም በዐጸደ ቤተ ክርስቲያን ተሰብስቦ «እግዚኦ» ይላል። በሰሙነ ሕማማት «ኪርያላይሶን» እየተባለ ሲሰገድ፣ ቃሉ የጽርዕ መሆኑንና «አቤቱ ማረን» ማለት መሆኑን አባቴ ነግሮኛል እንጂ፣ ከሚሰግዱት ባላገሮች ብዙዎቹ ይህን አያውቁም ነበር፤ ቢሆንም ቃሉ ሲሰማ ጕልበት እንደሚንበረከክና ግንባር ምድር እንደሚነካ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ የማያውቅ አልነበረም። የጭንቅ ቃል ኀይል የሚኖረው፣ በተሰማ ጊዜ ምን እንደሚደረግ ሰዎች አስቀድመው ቃል ኪዳን የገቡበት እንደ ሆነ ነው። በልጅነቴ ይህን በዓይኔ እያየሁ አላሰብሁበትም ነበር፤ ያሰብሁበት በሬዲዮው ፊት ከተቀመጥሁ በኋላ ነው።

ለሬዲዮው ሥራ ያሠለጠነን መምህራችን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጦር አውሮፕላኖችን በሬዲዮ ሲመራ የኖረ፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ሲቈጣ ያላየነው የውጭ አገር ሰው ነበር። ከማናቸውም ነገር አስቀድሞ የአደጋ ጥሪን ታሪክ ነገረን። ከእርሱ እንደ ሰማነው፣ በኋላም በመጻሕፍት መርምሬ እንዳረጋገጥሁት፣ በ1906 እ.ኤ.አ. በበርሊን በተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነት ለመርከቦች «ኤስ ኦ ኤስ» የተባለው ምልክት የተመረጠው፣ ብዙ ሰው እንደሚመስለው የሦስት ቃላት አኅጽሮት ሆኖ ሳይሆን፣ ሦስት ነጥብ፣ ሦስት ሰረዝ፣ ሦስት ነጥብ እየሆነ ሲመታ በማናቸውም ጫጫታ መካከል ተለይቶ ስለሚሰማ ነው። ታይታኒክ በ1912 በሰጠመችበት ሌሊት ቴሌግራፈኞቿ የቆየውንም አዲሱንም ምልክት እያፈራረቁ ይልኩ ነበር። ሰው በገዛ ድምፁ በሬዲዮ መነጋገር በጀመረ ጊዜ ግን ይህ ምልክት አልተመቸም፤ «ኤስ» የተባለው ፊደል በሬዲዮ ውስጥ ተጣርቶ አይሰማምና። ስለዚህ በለንደን አጠገብ በክሮይደን አውሮፕላን ማረፊያ የሬዲዮ ሹም የነበረው ፍሬደሪክ ሞክፎርድ በ1923 ሌላ ቃል እንዲያወጣ ተጠየቀ። በዚያ ዘመን ከክሮይደን የሚነሡት አውሮፕላኖች አብዛኞቹ በፓሪስ አጠገብ ወደሚገኘው ለ ቡርዤ የሚመላለሱ ነበሩና፣ ለእንግሊዙም ለፈረንሳዩም ጆሮ የሚቀና ድምፅ ሲፈልግ፣ ፈረንሳዮች «እርዱኝ» ከሚሉበት ቃል «ሜይዴይ» የሚለውን አወጣ፤ በ1927 በዋሽንግተን የተደረገውም ዓለም አቀፍ የሬዲዮ ስምምነት ይህን ቃል አጸደቀው። ይህን በሰማሁ ሰዓት ኪርያላይሶን በልቡናዬ መጣብኝ፤ ለካ እንግሊዛዊውም አብራሪ በጭንቁ ቀን የሚጮኸው በሰው አገር ቃል ኖሯል ብዬ ተደነቅሁ።

ቃሉ ሦስት ጊዜ ይጠራል። አንድ ጊዜ ብቻ የተጠራ እንደ ሆነ ሌላ ንግግር ሊመስል ይችላል፤ ሦስት ጊዜ ከተጠራ ግን ጥርጥር የለበትም። ይህ ጥሪ በተሰማ ጊዜ በዚያው መስመር ላይ ያለ ሌላ ሰው ሁሉ ዝም ይላል፤ የተጨነቀውም ማን እንደ ሆነ፣ ምን እንዳገኘው፣ ምን ሊያደርግ እንዳሰበ፣ በየትኛው ስፍራና በምን ያህል ከፍታ እንዳለ በቅደም ተከተል ይናገራል። ከዚያም የመሬቱ ሰው በአውሮፕላኑ ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ ሲጠይቅ፣ እንግሊዝኛው መንገደኞች ወይም ሠራተኞች ብሎ ሳይለይ፣ ስንት ነፍሳት አሉ ብሎ ይጠይቃል። ከተማርኋቸው የእንግሊዝኛ ቃላት ሁሉ ይህን ያህል ወደ ልቤ የገባ የለም፤ የገጠሩ ቄስ ምእመናኑን የሚቈጥሩበት ቃል በሬዲዮ ማዶ ሲጠራ መስማት ለእኔ ታላቅ ነገር ነበር።

መምህሩ ታሪኩን በመንገር ብቻ አልቀረም። በመስኮቱ ሥር አሮጌ ጀነሬተር አስነሥቶ፣ ቤቱ በጩኸቱ እየተንቀጠቀጠ፣ ከመካከላችን አንዱን ወንበር ላይ አስቀምጦ ማይክሮፎኑን ያስይዘዋል፤ ከበስተኋላው ሆኖም ወንበሩን ይነቀንቃል፣ መብራቱን ያጠፋል ያበራል፣ ቍጥር የተጻፈበት ወረቀት ከዓይኑ ፊት ይነጥቃል። ከእኛ ሁሉ በሰዋስው የሚበልጠው ባልንጀራችን ተራው ሲደርስ፣ ወንበሩ በተነቃነቀ ጊዜ እንግሊዝኛው ሁሉ ከአፉ ጠፍቶ «ኧረ በማርያም!» አለ። መምህሩ አልሣቀም፤ እኛም እንድንሥቅ አልፈቀደም። ሰው በደነገጠ ጊዜ የሚናገረው ያወቀውን ሳይሆን የለመደውን ነው ብሎ፣ ያ ባልንጀራችን ቃሉን ሳያስበው እስኪለው ድረስ ጀነሬተሩን እያስነሣ ሲደጋግመው ዋለ። በጕባኤ ቤት ቅኔ የተቈጠረለትና ዜማ የዘለቀ ሰው ይህን ትምህርት ወዲያው ይረዳዋል፤ እኛም ጾመ ድጓውን በቃል የያዝነው በመደጋገም ነውና።

ከዚህ ታላቅ ጥሪ በታች «ፓን ፓን» የሚባል ሌላ አለ፤ እርሱም ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን፣ ነፍስ ገና በሞት አፋፍ ሳትደርስ፣ ነገር ግን አስቸኳይ ችግር ሲኖር የሚጠራ ነው። ለእኛ የሁለቱን ድንበር ከመለየት ይልቅ የከበደን፣ ጭንቅን አፍ አውጥቶ መናገሩ ራሱ ነበር። እኛ ያደግንበት ጨዋነት ችግርን ሸፍኖ ማደርን ያስተምራል፤ እንግዳ ቢርበውም በልቻለሁ ይላል፤ ሕመምተኛው ነፍሱ ልትወጣ ቀርባ ሳለ ጠያቂ ሲመጣበት «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፤ ታናሽ በታላቁ ፊት «አልችልም» ማለት እንደ ድፍረት ይቈጠርበታል። ይህን ጠባይ አልነቅፈውም፤ በሰው ፊት ራስን ማክበር ነው፤ ሌላውንም ላለማስጨነቅ የሚደረግ ፍቅር ነው። በሬዲዮ ፊት ግን ሰውን ይገድላል። በእንግሊዝኛው የበረራ ቋንቋ «አኔብል» የምትባል አንዲት አጭር ቃል አለች፤ አብራሪው የታዘዘውን ለመፈጸም የማይችል እንደ ሆነ፣ ይቅርታ ሳይጠይቅና ምክንያት ሳይደረድር፣ ይህችን ብቻ ብሎ ያርፋል፤ አዛዡም በዚህ አይቀየምም። የእኛ ልጆች ይህችን ቃል በቀላሉ አጠኗት፤ ሽበት ላለው ሰው ለመናገር ግን ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው።

ይህ ጕዳይ የእኛ ብቻ አለመሆኑን የተረዳሁት ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። በጃንዋሪ 25 ቀን 1990 እ.ኤ.አ. አቪያንካ የተባለው የኮሎምቢያ አየር መንገድ ቦይንግ 707 አውሮፕላን ወደ ኒው ዮርክ ሲመጣ፣ በአየሩ መክፋት ምክንያት ከአንድ ሰዓት በላይ በሰማይ ላይ እየዞረ እንዲቈይ ተደረገ። ነዳጁ እያለቀ ሲሄድ ካፒቴኑ ለረዳቱ በስፓኒሽ ቋንቋ አደጋ ላይ መሆናችንን ንገራቸው ይለው ነበር፤ ረዳቱ ግን ለመሬቱ ሰው በእንግሊዝኛ ቅድሚያ እንዲሰጣቸው ጠየቀ፣ ነዳጃችን እያለቀ ነውም አለ፤ «ሜይዴይ» አላለም፣ «ኢመርጀንሲ»ም አላለም። ወደ ማረፊያ የሚቃረብ አውሮፕላን ሁሉ ነዳጁ እያለቀ የሚሄድ ነውና፣ የመሬቱ ሰው ቃሉን ሰምቶ እንደ ተራ ነገር አለፈው። አውሮፕላኑ በሎንግ አይላንድ ደሴት ኮቭ ኔክ በተባለ ስፍራ ወድቆ፣ ከ158ቱ ነፍሳት 73ቱ አለፉ። የተነገረው ቃል እውነት ነበር፤ ሰዋስውም አልጐደለውም፤ የጐደለው ቃል ኪዳን ያለበት ቃል ነው። በ2012 ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ነዳጅ ያለቀበት አብራሪ የሚጠራውን ቃል በደንብ የወሰነው ይህን የመሰለ መከራ ከታየ በኋላ ነው።

ከዚያም በፊት በማርች 27 ቀን 1977 በቴነሪፍ ደሴት፣ በሎስ ሮዴዮስ ማረፊያ፣ አንዱ የሆላንድ፣ አንዱ የአሜሪካ የሆኑ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች በጉም ውስጥ ተጋጭተው 583 ሰዎች ያለቁበት አደጋ አለ፤ በአቪዬሽን ታሪክ ከደረሱት የአውሮፕላን አደጋዎች ይህን ያህል ሕዝብ የፈጀ የለም። የሆላንዱ አውሮፕላን ረዳት አብራሪ፣ ለመነሣት ዝግጁ ነን ማለቱ ይሁን መነሣት ጀምረናል ማለቱ ያልለየ ቃል ተናገረ፤ የማማው ሰው አስቀድሞ «እሺ» አለና ቀጥሎ፣ ቈዩ፣ እጠራችኋለሁ አለ፤ በዚያችው ቅጽበት የአሜሪካው አውሮፕላን ገና ከመንደርደሪያው አለመውጣቱን ይናገር ነበርና፣ ሁለቱ ድምፆች ተደራርበው በሆላንዱ አውሮፕላን ውስጥ ፉጨት ብቻ ሆነው ተሰሙ። ይህ በተነገረን ሰሞን በሥራ ክፍላችን ለረጅም ጊዜ ማንም አልተናገረም፤ ሁላችንም «እሺ» ማለትን እናውቃለንና። ከዚያ ወዲህ «ቴክኦፍ» የሚለው ቃል የመነሣት ፈቃድ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ብቻ እንዲነገር፣ በሌላው ጊዜ ሁሉ ሌላ ቃል እንዲገባ ተደነገገ። አንድን ቃል ለአንድ ነገር ብቻ ለይቶ መቀደስ ይሉታል ይህ ነው፤ ታቦት ከማኅደሩ በዓሉ ካልደረሰ እንደማይወጣ ሁሉ፣ ያ ቃልም ከሰዓቱ በፊት ከአፍ አይወጣም።

አንድ የክረምት ማምሻ ከትዝታዬ አይጠፋም። ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ ሳያባራ ውሎ፣ ከምዕራብ በኩል የምትመጣ ሁለት ሞተር ያላት ትንሽ አውሮፕላን «ፓን ፓን» ብላ ጠራች፤ የአንደኛው ሞተር ዘይት እየፈሰሰ ነበር። አብራሪው ወጣት ኢትዮጵያዊ ነው፤ በማማው የተቀመጡትም ከእኔ በዕድሜም በማዕርግም የሚበልጡ ኢትዮጵያዊ ናቸው፤ ሁለቱ ግን የተነጋገሩት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእንግሊዝኛ ነበር። እኒያ ሽማግሌ ከወትሮው ይልቅ ንግግራቸውን አዘገዩ፤ እያንዳንዱን ቍጥር ለብቻው እየለዩ ይጠሩ ነበር፤ የነፍሳቱን ብዛት ጠይቀው በወረቀት ላይ ሲጽፉ እርሳሱ ወረቀቱን ዘልቆ ከሥሩ ያለውን ሁለተኛውን ገጽ ቀደደው፤ ድምፃቸው ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ሌሎቹን አውሮፕላኖች «ስታንድ ባይ» እያሉ በየስፍራቸው አቈዩአቸው። አውሮፕላኗ በደኅና አርፋ ከቆመች በኋላ ያ ወጣት እርጥብ ካፖርቱን ሳያወልቅ ወደ ማማው ወጥቶ፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጋሼ፤ ድምፅዎን ስሰማ አባቴ አጠገቤ የተቀመጠ መሰለኝ» አላቸው። እርሳቸውም ዐቅፈው ሳሙት፤ በዚያን ጊዜ ግን እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

በዚያ ማምሻ ሁለት አማርኛ ተናጋሪዎች ስለ ነፍስ ጕዳይ በሰው ቋንቋ መነጋገራቸው ለምን እንደ ሆነ ደጋግሜ አስቤበታለሁ። አንደኛው ምክንያት በመስመሩ ላይ ያሉት የውጭ አገር አብራሪዎች እንዲሰሙ ነው፤ ይህ ደንብ ነው። ሁለተኛው ግን እኔ ራሴ የደረስሁበት ነው፤ በአማርኛ ቢነጋገሩ ኖሮ አባትና ልጅ ይሆኑ ነበር፣ አባትና ልጅ ከሆኑም ፍርሃቱ ለሁለቱም ይተርፋል። ያ የተጠናው፣ የተመጠነው፣ ልቅሶም ምልጃም የሌለበት ቋንቋ ፍርሃቱን ከበር ውጭ አቈየላቸው። ይህን ያስገኘው የእንግሊዝኛ ቋንቋ ጠባይ አይደለም፤ ሁለቱም በዚያ ጀነሬተር ጩኸት መካከል ስላለፉ ነው።

ስለ መረጋጋት ሳስብ ሌላም የእንግሊዞች ነገር ትዝ ይለኛል። በ1939 እ.ኤ.አ. ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊነሣ ሲል የእንግሊዝ መንግሥት ሕዝቡን ተረጋጉ፣ ሥራችሁንም ቀጥሉ የሚል፣ ከላዩ የንጉሡ ዘውድ ያለበት ቀይ ማስታወቂያ ወደ ሁለት ሚሊዮን ተኩል በሚጠጋ ቅጂ አሳተመ፤ ነገር ግን ለክፉ ቀን ይቀመጥ ተብሎ ሳይለጠፍ ቀረ፤ አብዛኛውም ቈይቶ ለወረቀት ማምረቻ ተፈጨ። ዛሬ በዓለም ሁሉ በጽዋና በሸሚዝ ላይ የሚታየው፣ በ2000 እ.ኤ.አ. በአልኒክ ከተማ በአንድ የአሮጌ መጻሕፍት ሱቅ ከተገኘ አንድ ቅጂ ተነሥቶ የተባዛ ነው። በለንደን ላይ ቦምብ በወረደባቸው ወራት ሕዝቡ የተረጋጋው ያን ወረቀት አይቶ አለመሆኑ ከዚህ ይታወቃል። የማስጠንቀቂያው ሲረን ሲጮኽ ወዴት እንደሚወርድ፣ መብራቱን ማን እንደሚያጠፋ፣ ሕፃናቱን ማን እንደሚይዝ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ ያውቅ ነበር፤ የተረጋጋውም ስለዚህ ነው። «ተረጋጋ» የተባለ ሰው የሚያደርገውን ካላወቀ ይብሱን ይደነግጣል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ግን በኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቍጥር 961 ላይ የደረሰው ነው። አውሮፕላኑን የጠለፉት ሰዎች ነዳጁ እንደማይበቃ ቢነገራቸው አላምን ብለው፣ ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጅ ያለቀበትን አውሮፕላን በኮሞሮስ ደሴቶች ዳር ባሕር ላይ ለማሳረፍ ተገደዱ፤ ከ175ቱ ሰዎች 50ው ተረፉ። ከሞቱት ውስጥ በውድቀቱ ሳይሞቱ የሰጠሙ ነበሩ፤ ምክንያቱም ብዙዎች መንገደኞች የነፍስ አድን ሰደርያቸውን ገና በውስጥ ሳሉ ነፍተውት ስለ ነበር፣ ውሃው ሲገባ ሰደርያው ወደ ጣሪያው አንሥቶ ያዛቸው፣ ጠልቀው ወደ በሩ መውጣት አልቻሉም። ከውጭ እስክትወጡ አትንፉ የሚለው ቃል በየበረራው መነሻ የሚነገር ነው። ሰው ሁሉ ይህን ቃል በሰላሙ ጊዜ፣ ጋዜጣ እያነበበ፣ ቀበቶውን እያስተካከለ ሰምቶታል፤ ሰምቶታል እንጂ በእጁ አልለመደውም።

ከሰማዩ ወደ ምድሩ ብንመለስ ነገሩ ይብሳል፤ በሰማዩ ቢያንስ መምህርና ልምምድ አለ። ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አቀፍ በረራ የሚሠራ አብራሪና ተቈጣጣሪ በስድስት ደረጃ ከተከፈለው የእንግሊዝኛ ችሎታ አራተኛውን ማለፍ ግዴታው ነው። በየፋብሪካው፣ በየጋራዡ፣ በየሕንፃ ሥራው ላይ ለሚውለው ወገናችን ግን የአደጋው ቃል በማያውቀው ቋንቋ ተጽፎ በግድግዳ ላይ ተሰቅሎለት፣ እርሱም እንደ ጌጥ አይቶት ያልፋል። በሀገራችን መንገዶች ላይ ነዳጅ የሚያመላልሱ ቦቴዎች በጀርባቸው ይዘውት የሚዞሩትን «ኢንፍላመብል» የሚለውን ቃል ተመልከቱ። ይህ ቃል ተቀጣጣይ ማለት ሲሆን፣ ከመነሻው ያለው ክፍል በእንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ አፍራሽ ሆኖ ስለሚገባ፣ እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱበት ሰዎች እንኳ የማይቀጣጠል ማለት እየመሰላቸው ይሳሳቱ ነበር፤ ስለዚህ የአሜሪካ የእሳት መከላከያ ማኅበር ከ1920ዎቹ ጀምሮ በምትኩ «ፍላመብል» የሚለው እንዲጻፍ ሲወተውት ኖሯል። ባለቤቶቹ የተሳሳቱበትን ቃል የእኛ ሾፌርና ረዳት በምን ይለየው?

ጡረታ ከመውጣቴ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ የአክስቴ የልጅ ልጅ በአንድ ፋብሪካ ውስጥ በቀን ሠራተኝነት ተቀጥሮ ሳለ በኤሌክትሪክ ተይዞ ቀኝ እጁን አጣ። ልጁ መሃይም አልነበረም፤ ዳዊት ደግሟል፣ አማርኛውን አጣርቶ ይጽፋል። ኀላፊዎቹ ማስጠንቀቂያው በሳጥኑ በር ላይ በቀይ ቀለም ተጽፎ ነበር ብለው ተከራከሩ፤ እውነትም ተጽፎ ነበር፣ «ዴንጀር፣ ሀይ ቮልቴጅ» የሚል፣ በእንግሊዝኛ ብቻ። ሆስፒታል ልጠይቀው በሄድሁ ጊዜ በፋሻ የተጠቀለለውን ክንዱን በብርድ ልብሱ ሥር ሸሽጎ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ እንግሊዝኛ ያውቃሉ፤ ያ ቀዩ ጽሕፈት ምን ይል ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። ነገርሁት። እርሱም፣ «በአማርኛ ቢሆን እኮ አነበው ነበር» አለ እንጂ ሌላ ቃል አልጨመረም። ዕድሜዬን ሙሉ በጭንቅ ቃላት መካከል ኖሬ፣ እንደዚያ ቀን ያለ ሐዘን አልደረሰብኝም፤ እዚያ ላይ የጠፋው የአንድ ሰዓት ሥራና የአንድ ጣሳ ቀለም ብቻ ነበርና።

እንግሊዝኛን የሚያስተምር ሰው ሁሉ፣ እባክህ፣ ለልጆቹ የሰላሙን ቀን ቃላት ብቻ አታስተምር፤ የሚጮኹበትን፣ የሚከለክሉበትን፣ አልችልም የሚሉበትን፣ አልገባኝም ድገምልኝ የሚሉበትንም ቃል ጨምርላቸው፤ ከመካከላቸው ወደ ባሕር ማዶ ለሥራ የሚሄዱ አሉና። ፋብሪካ ያለህ፣ ሕንፃ የምታሠራ፣ ማሽን የምታስገባ ወገኔ ሆይ፣ አንተ ደግሞ በሳጥኑና በበርሜሉ ላይ ያለውን ቃል ሠራተኛህ በሚያነበው ቋንቋ፣ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ ወይም አፉን በፈታበት በማናቸውም ቋንቋ አጽፈው፤ ማንበብ የማይችል ካለም በሥዕል አስደግፈው። ጽፌያለሁ ብለህም አትመለስ፤ ሠራተኞችህን ከሥራ በፊት ሰብስበህ፣ ያ ቃል በተሰማ ጊዜ ማብሪያውን ማን እንደሚያጠፋ፣ ማን ወደ የትኛው በር እንደሚወጣ፣ የተጐዳውን ማን እንደሚያነሣ በድምፅ አስብላቸው፣ በእጃቸውም አስደርጋቸው። ይህን የምታደርገው መጪው ሰኞ ጧት ይሁን፤ ሌላ ቀጠሮ አትስጠው።